ሙዚቃ የኮከብ ርስት አይደለም

በአገራችን ስለ ሙዚቃ ትምህርት ሲነሳ ሁሉም ሳይማከር የተስማማበት አንድ አስተሳሰብ አለ። ሙዚቃ ለተሰጠው ሰው ነው፤ የተሰጠው ሰው ደግሞ እንጀራው ሊያደርገው ይገባል፤ እንጀራ የማይሆነው ሰው ባይደክም ይሻለዋል የሚል። ወላጅ ይህንኑ ይላል፣ ርዕሰ መምህር ይህንኑ ይላል፣ የቴሌቪዥን የድምፅ ውድድር ዳኛም በሌላ አነጋገር ይህንኑ ይላል። ሙዚቀኞች ራሳቸው እንኳ ብዙ ጊዜ ሲሉት እሰማለሁ። እኔ ይህ አስተሳሰብ ከሥር መሠረቱ የተሳሳተ ነው እላለሁ። ልጆቻችንን ከገዛ ዜማቸው አርቋል፤ ጎልማሶቻችንን አፋቸውን አስይዟል፤ አዋቂ አድማጭ እያሳጣ ሙያተኛውን ሙዚቀኛ ሳይቀር ጎድቷል።

የምኖረው ቃሊቲ ነው። የምተዳደርበት ሥራ ሙዚቃ አይደለም። ክራር ከልጅነቴ ጀምሮ ከእጄ አልተለየም፤ ይሁንና መድረክ ላይ ወጥቼ ገንዘብ ተቀብዬበት አላውቅም፣ ልቀበልበትም አስቤ አላውቅም። በዕረፍት ቀን ከሰፈሩ ልጆችና ከፋብሪካ ሠራተኞች ጋር ተቀምጬ የማውቀውን አሳያለሁ። ቃሊቲን በሙዚቃ የሚያውቃት የለም። ስሟ ሲነሳ የሚታወሰው ጉምሩክ፣ መናኸሪያ፣ ማረሚያ ቤትና የመንጃ ፈቃድ ፈተና ነው። ወደ ጅቡቲ የሚወርደውና ከዚያ የሚመጣው ከባድ መኪና ሲያልፍባት ይውላል፣ ሲያልፍባት ያድራል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም ከመሀል ከተማ ተነስቶ የደቡብ ጉዞውን የሚጨርሰው እዚሁ ነው። ክርክሬን ከዚህ የምጀምረውም ለዚህ ነው። ሙዚቃ ለሰው ሁሉ ነው የሚለው ነገር እውነት ከሆነ፣ ከብሔራዊ ቴአትር ደጃፍ ይልቅ ቃሊቲ ላይ እውነት ሆኖ መገኘት አለበት።

አንዲት እናት ትንሽ ልጇን እጁን ይዛ መጣችና ገና ሳትቀመጥ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ልጅ ለመድረክ ይበቃል ብለው ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። አይበቃም ብላት ይዛው ልትመለስ ነበር። ጥያቄዋ ከክፋት የመጣ አይደለም። የታክሲ ገንዘብ ቆጥራ፣ የእሑድ ሥራዋን ትታ የመጣች እናት ነች፤ ልጇ እንዳይጎዳባት ነው የፈለገችው። ከአንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ሥራ ውሎ ወደ እኔ የሚመጣውን ጎልማሳ ደግሞ ባልደረቦቹ፣ «በዚህ ዕድሜህ ዘፋኝ ልትሆን ነው እንዴ?» እያሉ ያላግጡበታል። ሁለቱም ጥያቄዎች ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ። ሜዳ ላይ ኳስ የሚያንከባልለውን ልጅ ግን ማንም፣ «ለብሔራዊ ቡድን ትሰለፋለህ ወይ?» ብሎ አያባርረውም። ኳስ ለልጅ ጤና፣ ለጎልማሳ ጓደኝነት መሆኑ ለሁሉም ግልጽ ነው። ለሙዚቃ ሲሆን ይህ ማስተዋል የት ገባ?

አስተሳሰቡ ሁለት ሥር አለው። የመጀመሪያው አሮጌ ነው። አዝማሪን እየጋበዙ፣ እየሸለሙ፣ በግጥሙ እየሳቁና እያለቀሱ፣ ልጃቸው ማሲንቆ ሲነካ ግን፣ «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ብለው በሚቆጡ ሰዎች መካከል ነው ያደግነው። አዝማሪው ሙያውን ከአባቱና ከአጎቱ ተምሮ ለልጁ ሲያወርስ፣ ሌላው ሕዝብ መሣሪያ መንካትን እንደ ነውር እየቆጠረ አድማጭ ሆኖ ቀረ። ሁለተኛው ሥር አዲስ ነው። ዛሬ ታዋቂ ዘፋኝ አይናቅም። ፎቶው በየታክሲው ይለጠፋል፣ የሚለብሰው ይለበሳል፣ የሚናገረው እንደ ጥቅስ ይያዛል። ንቀቱና አምልኮው የማይገናኙ ይመስላሉ እንጂ ፍሬ ነገራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ሙዚቃ የሌላ ሰው ሥራ ነው ይላሉ። ድሮ ለእኛ የሚገባ ያልነበረው ዝቅ ያለ መስሎን ነው፤ ዛሬ ለእኛ የማይገባው ከፍ ያለ መስሎን ነው። በሁለቱም ጊዜ እጃችን ባዶ ቀረ።

እውነተኛው ባህላችን ግን ከዚህ የሰፋ ነበር። ነሐሴ 13 ሲቃረብ የሰፈር ወንዶች ልጆች ሆያ ሆዬ ሲሉ፣ አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። በእንቁጣጣሽ ሴቶች ልጆች አበባየሆሽ ሲሉም እንዲሁ ነው። በሠርግ አክስት ታወጣለች፣ ጎረቤት ይቀበላል፤ በለቅሶ አልቃሿ ታወርዳለች፣ ሐዘንተኛው ይከተላል። አውጪ ለመሆን ግጥምና ድምፅ ይጠይቃል። ተቀባይ ለመሆን ግን ማንም ተፈትኖ አያውቅም። መገኘትና ማጨብጨብ ይበቃ ነበር፤ ሲቀበል የኖረ ልጅም ሳያውቀው ዜማ ይማራል፣ ምት ይማራል፣ አንድ ቀን እሱ ራሱ ያወጣል። ዛሬ በየኮንዶሚኒየሙ ድንኳን ውስጥ ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ ይዘፍንልናል፤ አክስቶች ወንበር ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ቀላል ኪሳራ አይደለም። ሳይከፈለው ሕዝብን ሙዚቃ ያስተምር የነበረ ትምህርት ቤት ነው በዓይናችን ፊት የተዘጋው።

ነገሩ ተሰጥኦ ነው ለሚለኝ ሰው የገዛ ትውፊታችን መልስ አለው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱም የነበረው ቅዱስ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት የማይገባው ነበር ይላል ገድሉ። አጎቱና መምህሩ አባ ጌዴዎን ሲገርፉት ሸሽቶ ሄደ። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ግንዱን ልትወጣ ስትሞክር አየ፤ ስድስት ጊዜ ወደቀች፣ በሰባተኛው ወጣች። ያሬድ ይህን አይቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የምንላቸው የዜማ ዓይነቶች የተሰጡን በዚህ ልጅ በኩል ነው። ተከራካሪዬ ከሰማይ የመጡለትን ሦስት ወፎች ይጠቅስልኝ ይሆናል። እቀበላለሁ፤ ጸጋ መኖሩን አልክድም። ነገር ግን ትውፊቱ ቅደም ተከተሉን አልሳተም። ወፎቹ የመጡት ወድቆ ለተነሳው፣ ሸሽቶ ለተመለሰው ሰው ነው። የኢትዮጵያ ዜማ አባት ታሪክ ጸጋን ከድካም በኋላ ካስቀመጠ፣ እኛ በስምንት ዓመት ልጅ ፊት ቆመን ተሰጥኦ አለው የለውም ብለን ለመፍረድ ምን ሥልጣን አለን?

የዜማ ቤቱን አካሄድም ልብ በሉ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማ ምልክቶቹን ሥርዓት አስያዙ ይባላል። ከዚያ ወዲህም ሆነ ከዚያ በፊት የዜማ ተማሪ አገር አቋርጦ መምህር ፍለጋ ይሄዳል፤ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ቁራሽ ለምኖ ያድራል፤ ጾመ ድጓውን፣ ድጓውን በቃሉ እስኪይዝ ዓመታት ይፈጅበታል፤ በመጨረሻም ለድጓ ማስመስከሪያ ጋይንት ቤተልሔም ይወርዳል። መልካም ድምፅ ያለው ተማሪ ይወደዳል፣ ይመሰገናል። መምህሩ የሚጠይቀው ግን ቀለሙን ይዟል ወይ፣ ዜማውን ሳያፈርስ ይቀጽላል ወይ የሚለውን ነው። ድምፁ ሻካራ የሆነም ሰው ድጓ ያስመሰክራል፣ ጉባኤ ይዘረጋል፣ ተማሪ ያወጣል። ያን የሚያህል የዜማ ሀብት ያለ መቅረጸ ድምፅ ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይጠፋ የቆየው በጥቂት ድምፀ መረዋዎች ጉሮሮ አይደለም፤ ሌሊት በፋና፣ ቀን በፀሐይ እየተቀመጡ በሚያስቀጽሉና በሚቀጽሉ ብዙ ሰዎች ጽናት ነው።

በገናም ይህንኑ ይመሰክራል። አሥር አውታር ያለው ይህ መሣሪያ የአዝማሪ መተዳደሪያ ሆኖ አያውቅም። መኳንንቱ፣ ካህናቱ፣ ቤተሰባቸውን ሰብስበው በዐቢይ ጾም የሚደረድሩት ሰዎች እንጀራቸውን ከሌላ ቦታ ያገኙ ነበር። ታላቁ የበገና መምህር ዓለሙ አጋ በ1950 እ.ኤ.አ. እንጦጦ ተወለደ። በገና የተማረው ጎረቤት ሆነው ከመጡት ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው፤ ልጁ በገናቸውን እየተሸከመላቸው እግራቸው ሥር ተቀምጦ ተማረ። በዩኒቨርሲቲ ያጠናው ጂኦግራፊ ነው። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተማረ፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ደርግ ትምህርቱን አስቀረው። መንፈሳዊ መሣሪያ ለአብዮቱ አይስማማም ነበርና። መድረክና ደመወዝ ሲነፈገው በገና የት ኖረ? በሰዎች ቤት ኖረ። ደርግ ሲወድቅ አዲስ አበባ ውስጥ የበገና ትምህርት እንደገና ሲስፋፋ፣ የሚያስተምሩ ሰዎች የተገኙት ሳይከፈላቸው መደርደሩን ስላልተዉ ነው። በዚያ ክፉ ጊዜ ሁሉም «እንጀራ ካልሆነ ምን ያደርጋል» ብሎ አውታሩን አላልቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ በገናን የምናውቀው ከሥዕል ነበር።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩንም አስታውሱ። በታኅሣሥ 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ፤ አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ፤ በኋላም ካይሮ ላይ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከሚባል ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ዘንድ ተማሩ። ወደ ለንደን ሄደው ሊማሩ የነበረበት ዕድል ተዘጋባቸው፤ የሙያ መንገዱ እዚያ ላይ ተቋረጠ። ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ፤ ለዓመታት በባዶ እግራቸው ኖሩ። በሙያ ሚዛን ብንመዝን ታሪኩ እዚህ ያበቃል፤ የከሸፈ ሙዚቀኛ ብለን ፋይሉን እንዘጋዋለን። እሳቸው ግን ፒያኖውን አልተዉም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጎንደር ሳሉ የያሬድን ዜማ የሚማሩ ልጆች እየለመኑ ውጭ ሲያድሩ አዩ። በ1967 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ሸክላ ያሳተሙት ለችግረኞች መርጃ ገንዘብ ለማግኘት ነበር። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ላይ ሲያርፉ፣ ድርሰቶቻቸው ዓለምን ዞረው ነበር። ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን አብሮ ይወቅ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሙዚቃ አልተዳደሩም፣ ሙዚቃ ግን አብሯቸው ኖረ።

ለዚህ ሁሉ የዘመናችን መልስ የድምፅ ውድድር ሆኗል። ባላገሩ አይዶልና ፋና ላምሮት የሠሩትን መልካም ሥራ አልክድም። ከየክልሉ ልጆችን አምጥተዋል፣ የባህል መሣሪያ በባንድ ታጅቦ በቴሌቪዥን እንዲሰማ አድርገዋል፣ ሰሚ ያጣ ድምፅ ሰሚ አግኝቷል። ይሁንና ውድድር ሰውን እየቀነሰ የሚሄድ ነገር ነው፤ ትምህርት ደግሞ ሰውን እየጨመረ። ዳኛ አንዱን ለማክበር ብዙውን ያሰናብታል፤ መምህር ግን አንድም ሰው እንዳይቀርበት ይጨነቃል። አገር ሙሉ የመምህሩን ወንበር ለዳኛ ሲሰጥ ልጆች የሚማሩት መጀመሪያ ማፈርን ነው። ቃሊቲ ውስጥ ባሉ ልጆች ላይ ይህን አያለሁ። ዘፈን አውጡ ሲባሉ ዙሪያቸውን ያያሉ፤ እንደሚመዘኑ ያውቃሉ። ሆያ ሆዬ የሚል ልጅ እንዲህ ያለ ፍርሃት አልነበረበትም።

በደርግ ጊዜ በየቀበሌው የነበረውን ኪነት የሚያስታውሱ አንባቢያን፣ ያ ደግሞ የካድሬ መፈክር ማስጮኺያ ነበር ይሉኛል። ልክ ናቸው። ማንም ልጅ በግድ እንዲዘምር ዳግመኛ አልመኝም። ቢሆንም ከመፈክሩ ሥር የነበረውን ነገር ለይተን እንየው። በየሰፈሩ አዳራሽ ነበር፤ በአዳራሹ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ ነበር፤ የታወቀ የልምምድ ሰዓት ነበር፤ ታላቁ ታናሹን ያስተምር ነበር። ከአንጋፋ ከያኒያን ብዙዎቹ ከቀበሌና ከከፍተኛ ኪነት እንደወጡ ራሳቸው ይናገራሉ። ከዚያ ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ከያኒ ያልሆኑት ናቸው። ዛሬ ነጋዴ፣ ሹፌር፣ ነርስ ሆነው ሙዚቃ ሲሰሙ የሚሰሙትን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። መፈክሩን ጥለን አዳራሹን ማስቀረት እንችል ነበር። ሁለቱንም አብረን ጣልን።

አማተር መምህር በሳምንት አንድ ቀን ተቀምጦ ምን ይሠራል? ያን የፋብሪካ ሠራተኛ ልንገራችሁ። እጁ በብረት የደነደነ ነው፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ዘይት በሳሙና አይወጣም። ክራር ስድስት አውታር አላት፤ አምስቱ አምስቱን የቅኝት ድምፆች ይይዛሉ፣ ስድስተኛው የመጀመሪያውን ከፍ አድርጎ ይደግመዋል። ክራሩን በሙሉ ትዝታ ቃኘሁለትና አስደረደርኩት። ከዚያም ከአምስቱ ድምፆች ሦስተኛውንና አምስተኛውን በግማሽ ድምፅ ብቻ አላላሁ። ሌላው ሁሉ እንደነበረ ነው፤ ክራሩ ግን ግማሽ ትዝታ ሆነ፣ ፊቱን አጠቆረ። «ምን ተለወጠ?» አልኩት። «ምንም» አለኝ። ጆሮው አልያዘውም ነበር። ክረምቱን ሙሉ ይህንኑ ደጋገምን፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ እኔ ሳላላ፣ እሱ ሲያላላ እኔ ስሰማ። ከዚያ አንድ ቀን ከሳሪስ ሲመጣ ታክሲ ውስጥ የተከፈተውን ዘፈን ሰምቶ፣ በሬን ገና ሳያልፍ፣ «መምህር፣ ግማሽ ትዝታ ነው!» አለ። ልክ ነበር። ይህ ሰው መድረክ አይወጣም፤ መውጣትም አይፈልግም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕድሜውን ሙሉ በዙሪያው ሲፈስ የነበረውን ነገር መስማት ጀመረ። ይህ ምን ይጠቅማል የሚለኝ ሰው ካለ፣ ማንበብ መቻል ጸሐፊ ለማይሆን ሰው ምን እንደሚጠቅም መጀመሪያ ይንገረኝ።

አሁን ለተቃዋሚዎቼ ጠንካራ ክርክሮች መልስ ልስጥ። አንደኛው፣ ጆሮ የሌለው ሰው አለ ይላል። አለ። ጥናቶች እንደሚያሳዩት ግን ዜማ መለየት በተፈጥሮው የሚሳነው ሰው ከመቶ ከአምስት በታች ነው። እኛ አገር ራሱን «ድምፅ የለኝም» የሚለው ሰው ግን በየቤቱ ሞልቷል። ልዩነቱን የፈጠረው ተፈጥሮ ሳይሆን በልጅነቱ ዝም በል የተባለበት ቀን ነው። ያን የፋብሪካ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን መዝኜው ቢሆን ኖሮ ጆሮ የለውም ብዬ እሸኘው ነበር። ጆሮው ነበረው፤ የሚያስፈልገው አንድ ክረምት ነበር።

ሁለተኛው ክርክር ከሁሉም የከበደ ነው። ድኻ አገር ነው፤ የቃሊቲ እናት ደብተርና ዳቦ ሳትሞላ ስለ ክራር አታውራ ይላል። የኑሮ ውድነቱ እኔም የምኖረው ነው፤ አቃልዬ አላየውም። ግን እንጠይቅ፤ ድኻ ልጅ ሙዚቃ እንዳይማር የሚያደርገው ዋጋው ነው ወይስ የሙያ ዕዳው? መዝፈን ገንዘብ አይጠይቅም። ከበሮ አንድ ለክፍል ሙሉ ልጅ ይበቃል። ክራር ከእንጨት፣ ከቆዳና ከክር የሚሠራ የአገር ውጤት ነው፤ አንዱን ብዙ ልጆች ይፈራረቁበታል። የዜማ ተማሪዎቻችን ከማንም በላይ ድኻ ነበሩ። በቬኔዝዌላ ሆሴ አንቶኒዮ አብሬው የሚባል የኢኮኖሚ ባለሙያ በ1975 እ.ኤ.አ. በካራካስ አንድ ጋራዥ ውስጥ በጣት የሚቆጠሩ ወጣቶችን ሰብስቦ ልምምድ ጀመረ፤ ጅምሩ አድጎ የድኻ ሰፈር ልጆችን በኦርኬስትራ የሚያስተምር አገር አቀፍ ሥርዓት ሆነ። ቃሊቲ ሌላው ቢጎድላት ጋራዥ አይጎድላትም። ውድ የሚሆነው ልጁን ኮከብ ማድረግ ሲታሰብ ነው፤ ስቱዲዮ፣ ክሊፕ፣ አስተዋዋቂ ይጠይቃል። ማስተማር ርካሽ ነው።

ሦስተኛው፣ አማተር ሲበዛ ጥራት ይወርዳል፣ ሙያተኛውም እንጀራውን ያጣል ይላል። ተገላቢጦሽ ነው። ተመሳሳይ ምት፣ ተመሳሳይ ዜማ፣ በኮምፒውተር የተስተካከለ ድምፅ ገበያውን የሞላው አማተር ስለበዛ አይደለም። ሰሚው ልዩነቱን ስለማያውቅ ነው። ጣቱን ክራር ላይ አቁስሎ የሚያውቅ ሰው ጥሩ ክራር ደርዳሪ ሲያገኝ ዋጋውን ያውቃል፤ ይከፍላል፣ ያከብራል፣ ለልጁ ያሳያል። አዝማሪውን የናቀው መሣሪያ ነክቶ የማያውቀው ሰው ነው። ሙያተኛ ሙዚቀኞች ክብርና ገበያ ከፈለጉ፣ የሚማረውን ሕዝብ ማብዛት የራሳቸው ጥቅም ነው።

አራተኛው ክርክር ወጣቶች የሚያነሱት ነው። ሁሉም ነገር ስልክ ላይ አለ፤ መምህር ለምን? ይላሉ። ስልክ ብዙ ያሳያል፤ እኔም ተማሪዎቼን ተመልከቱ እላለሁ። ስልክ ግን አይሰማም። ልጁ አውታሩን አጥብቆ ቅኝቱን ሲያሳልፈው፣ ግራ እጁ መዝጋት ያለበትን አውታር ሳይዘጋ ቀርቶ ድምፁ ሲደበላለቅ፣ ትከሻው ተወጥሮ ሲደክም፣ ቪዲዮው ዝም ብሎ ይቀጥላል። አጠገብ የተቀመጠ ሰው ግን ይሰማል፣ እጁን ይዞ ያርማል፣ ደስ ሲለውም ፊቱ ላይ ይታያል። ይህን ለማድረግ የዲግሪ ባለቤት መሆን የግድ አይደለም። ከተማሪው ጥቂት እርምጃ የቀደመና የሚታገሥ ሰው ይበቃል። የሙዚቃ ትምህርት ቤቶቻችን ያስፈልጉናል፤ ይስፋፉልን፣ ይከበሩልን። ሥራቸው ግን ሙያተኛ ማፍራት ነው። መቶ ሚሊዮን ያለፈ ሕዝብ ዜማውን እንዲይዝ የሚያደርጉት በየሰፈሩ ያሉ አማተር መምህራን ብቻ ናቸው።

መደበኛ ትምህርት ቤትስ? በአንደኛ ደረጃ የክዋኔና የዕይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለን። በወረቀት መኖሩ መልካም ነው። በብዙ ቦታ የሚሆነው ግን ይህ ነው፤ የሌላ ትምህርት መምህር ክፍለ ጊዜው እንዲሞላለት ይመደብበታል፤ መሣሪያ የለውም፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ «ቅኝቶች አራት ናቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ» ብሎ ይጽፋል። ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ በፈተና ይመልሳሉ፣ ሙሉ ማርክ ያገኛሉ። አራቱን በስም ያውቋቸዋል፤ አንዱንም በጆሯቸው አይለዩትም። ሀንጋሪያዊው የሙዚቃ ሊቅ ዞልታን ኮዳይ የአገሩን ገጠር ዞሮ የገበሬውን ዜማ ከሰበሰበ በኋላ የደረሰበት እምነት፣ ልጅ ሁሉ በገዛ አገሩ ዜማ በየቀኑ እየዘፈነ መማር አለበት የሚል ነበር። በ1950 እ.ኤ.አ. በተወለደበት በኬችኬሜት የመጀመሪያው የዝማሬ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ መንገዱንም ሌሎች አገሮች ወሰዱት። መሠረቱ የልጅ ድምፅና የሕዝብ ዜማ ነው። ሁለቱም ከእኛ ዘንድ ሞልተዋል።

በቃሊቲ በእሑድ ጠዋት የሰንበት ትምህርት ቤቱንና የጸሎት ቤቱን መዘምራን ያየ ሰው የምለውን በዓይኑ ያያል። ጥበቃ፣ ልብስ ሰፊ፣ ረዳት፣ የቤት እመቤት፣ ተማሪ ተሰልፈው በአንድ ድምፅ ይዘምራሉ። ማንም አልከፈላቸውም። ማንም ኮከብ ትሆናላችሁ አላላቸውም። ከሥራ ደክመው መጥተው በሳምንቱ መካከል ያጠናሉ። ከመካከላቸው አንዱን፣ «ሙዚቀኛ ነህ ወይ?» ብትሉት አይደለሁም ይላችኋል። ነው እንጂ! የነገሠው አስተሳሰብ ትልቁ ጥፋት ይህን ሰው ራሱን እንዳያውቅ ማድረጉ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። የቃሊቲ ትምህርት ቤቶች ርዕሳነ መምህራን፣ አንድ ከበሮና አንድ ክራር ግዙ፤ ያለ ማርክና ያለ ውድድር በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ልጆቹ ይዝፈኑ። የወጣት ማዕከላት ኃላፊዎች፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍል ክፈቱልን፤ የሚያስተምረውን እኛ እናመጣለን። ሙያተኛ ሙዚቀኞች፣ ወደ ሰፈራችሁ ተመለሱና አማተሩን መምህር አግዙት። ወላጆች፣ ልጃችሁ ለመድረክ ይበቃል ወይ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ዛሬ ምን ዜማ ተማርክ ብላችሁ ጠይቁት፣ ሲዘፍንም ተቀበሉት። እናንተም ዕድሜያችን ሄደ ያላችሁ፣ ድምፅ የለንም ያላችሁ፣ መምህር ፈልጋችሁ ጀምሩ። አንድ ቅኝት የያዘ ሰው ደግሞ አንድ ጎረቤቱን ያስተምር።